ሕዝብ በደሙ አይተነተንም (የምላሽ ጽሑፍ)

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። «ዘር ከልጓም ይስባል» በሚለው ተረት ይጀምርና ወደ ትልቅ ድምዳሜ ይሄዳል። ባጭሩ የሚለው ይህ ነው፦ የሰው ባህርይ ግማሹ በዘር እንደሚወረስ በሳይንስ ተረጋግጧል። ስለዚህ አንዱ ሕዝብ ሰላማዊ ሌላው ተዋጊ፣ አንዱ በትምህርት የገፋ ሌላው የቀረ፣ አንዱ ብዙ የሚወልድ ሌላው ጥቂት የሚወልድ የሆነበት ዋና ምክንያት ያለው ዘረ መሉ ውስጥ ነው። የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች ይህን የሚክዱት ፈርተው ነው። መንግሥታትም የየሕዝቡን «ተፈጥሮ» ተቀብለው ፖሊሲያቸውን በዚያው ልክ ቢቆርጡ ይሻላል።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ቁጥር አለው፣ የምርምር ወሬ አለው፣ አንባቢን ይይዛል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። ከጠቀሳቸው ነገሮች ብዙዎቹ እውነት ናቸው፤ ግን እነዚያ እውነቶች ያንን ድምዳሜ አይወልዱትም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሕዝብን ለማጥናት ባዮሎጂ አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ሰው ሥጋ ለባሽ ነው። ይበላል፣ ይታመማል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል። ይህን የዘለለ የሕዝብ ጥናት ጎዶሎ ነው። የምከራከረው ባዮሎጂው ራሱ ምን ይላል በሚለው ላይ ነው፤ ጸሐፊው ይላል ያሉትን አይልምና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ግማሹ በዘር ነው» ከሚለው እንነሣ፤ የጽሑፉ ክብደት ሁሉ ያረፈው እዚህ ላይ ነውና። ጸሐፊው አልነገሩንም እንጂ የቁጥሩ ምንጭ የታወቀ ነው፤ የመንትዮች ጥናት ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረ መላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት በአማካይ ግማሹን ነው የሚጋሩት። የመጀመሪያዎቹ ከሁለተኞቹ አብልጠው በተመሳሰሉ ቁጥር፣ ለልዩነቱ የዘር ድርሻ ከፍ ይላል ተብሎ ይሰላል። በ2015 የ50 ዓመት የመንትዮች ጥናት አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ ወደ 17,800 የሚጠጉ የባህርይና የጤና መለኪያዎች ሲታዩ አማካዩ 49 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ትክክለኛ ነው። ትልቅ ሥራም ነው።

ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ምንድን ነው? በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ በዚያ ዘመን አኗኗር ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። በቃ። የአንድን ሰው ጠባይ ግማሹ ከዘሩ ግማሹ ከአስተዳደጉ ብሎ አይከፍልም። ስለ ሁለት ሕዝቦች ልዩነት ደግሞ ምንም አይልም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የዘር ውርስ ትምህርት የመጀመሪያ ክፍሎች ላይ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው። ጸሐፊው የዘለሉት ይህንን ነው፤ ከዘለሉት በኋላ የጻፉት ሁሉ በእሱ ላይ ተሠርቷል።

ቁመትን እንውሰድ። ቁመት በመንትዮች ጥናት ተወራሽነቱ (ማለትም ለልዩነቱ የዘር ድርሻ) 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ጽሑፉ ከጠቀሳቸው ጠባዮች ሁሉ ይበልጣል። በጸሐፊው ስሌት ከሄድን፣ ሕዝቦች በቁመት ከተለያዩ ከልዩነቱ 80 በመቶው የዘር ነው ልንል ነው። እስቲ ኮሪያን እንይ። በ1996 የተወለዱ የደቡብ ኮሪያ ሴቶች በ1896 ከተወለዱት በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። ሃያ! መቶ ዓመት ቢበዛ አራት ትውልድ ነው፤ የአንድ ሕዝብ ዘር በአራት ትውልድ እንዲህ አይለወጥም። የተለወጠው ምግቡ ነው፣ ውሃው ነው፣ የልጅነት በሽታው ነው። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ሰሜን ኮሪያ አለች። ያው ሕዝብ፣ ያው ቋንቋ፣ በ1945 ለሁለት የተከፈለ። ከሰሜን ሸሽተው የመጡ ሰዎች ሲለኩ ከደቡብ እኩዮቻቸው አጥረው ተገኝተዋል። በደቡቡ ረጅም አባት ረጅም ልጅ ይወልዳል፤ በሰሜኑም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ያመጣው ግን ዘር አይደለም።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። በአንድ ሕዝብ ውስጥ እንኳ «ተወራሽ ነው» ማለት «መነሻው ሰውነት ውስጥ ነው» ማለት አይደለም። ክሪስቶፈር ጄንክስ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ1972 ያነሣው ምሳሌ አለ። ቀይ ፀጉር ያላቸው ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የሚከለክል አገር አለ እንበል። ቀይ ፀጉር የዘረ መል ጉዳይ ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ወይ ሁለቱም ቀይ ናቸው ወይ ሁለቱም አይደሉም፤ ስለዚህ ወይ ሁለቱም ማንበብ ይችላሉ ወይ ሁለቱም አይችሉም። ተመራማሪው መጥቶ ቢያሰላ፣ ማንበብ አለመቻል በከፍተኛ ደረጃ በዘር ይወረሳል የሚል ውጤት ያገኛል። ሒሳቡ ላይ ስህተት የለም። ልጁን ከፊደል ያስቀረው ግን በር ላይ ቆሞ «አንተ ተመለስ» የሚለው ዘበኛ ነው። እንግዲህ በቆዳ ቀለም፣ በመልክ፣ በጾታ ሰው የሚመለስባቸውን እውነተኛ በሮች አስቡና ያንን ቁጥር እንደገና አንብቡት።

ወደ «ተዋጊው ጂን» እንለፍ (ጂን ማለት የዘረ መል አንድ ቁራጭ ነው)። ጸሐፊው አንዳንድ ሕዝቦች ይህንን ጂን በብዛት ስለያዙ ለጠብ ይቸኩላሉ ብለዋል። የጂኑ ስም ኤምኤኦኤ ነው፤ በአንጎል ውስጥ እንደ ሴሮቶኒን ያሉ መልእክት አመላላሽ ኬሚካሎችን የሚሰብር ኢንዛይም ይሠራል። በ1993 በአንድ የኔዘርላንድስ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ጂን ጭራሹን የማይሠራባቸው ወንዶች ተገኙ፤ ቁጣቸውን መቆጣጠር የሚያቅታቸው፣ አእምሯዊ እክልም ያለባቸው ነበሩ። ይህ እጅግ ብርቅ ነው። ጋዜጦች «ተዋጊ» ያሉት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ኢንዛይሙን ዝቅ አድርጎ የሚያመርት፣ ከአውሮፓውያን ወንዶች እንኳ ሲሶ ገደማው የያዘው ተራ ዓይነት። በ2002 በኒውዚላንድ ከልጅነት ጀምሮ ክትትል በተደረገላቸው ወንዶች ላይ የወጣው ጥናት ያለው፣ ጂኑ ብቻውን ሁከትን አይተነብይም፣ በልጅነቱ የተደበደበና የተበደለ ሲሆን ግን ልዩነት ይታያል ነው። በ2006 ይህ ወሬ ተጠምዝዞ የኒውዚላንድ ነባር በሆነው የማኦሪ ሕዝብ ላይ ተለጠፈ፤ ብዙ ተመራማሪዎች ወዲያው ተቃወሙት። ያው ዓይነት ጂን በቻይና ወንዶች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ የቻይና የነፍስ ግድያ ምጣኔ ደግሞ በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ «አንድ ጂን፣ አንድ ጠባይ» የሚለው የምርምር ስልት ራሱ ወድቋል። በ2019 ለድባቴ ምክንያት ናቸው እየተባሉ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥናቶች የተወሩ 18 ጂኖች በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ላይ ተፈተሹ፤ በዘፈቀደ ከተመረጡ ጂኖች የተሻለ የሚናገሩት ነገር አልተገኘም። ጸሐፊው የጠቀሱት የድሮውን ዘመን ወሬ ነው። አንባቢ ይህን የማወቅ መብት አለው።

እዚህ ላይ ግን ባዮሎጂ የሚለው ነገር እንዳለ ልመን። በየትኛውም አገር ከገዳዮቹ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ ያውም ወጣቶች። ይህን ያህል በሁሉም ቦታ የሚደጋገም ነገር ከአስተዳደግ ብቻ መጣ ማለት ይከብደኛል። ግን ጥያቄው ስለ ሕዝቦች ነው። ወጣት ወንድ በየአገሩ አለ። በኤል ሳልቫዶር በ2015 ከ100,000 ሰው ከ100 በላይ ተገደለ። በ2023 ከ3 በታች ወረደ። (መንግሥቱ ያንን ያገኘበት መንገድ፣ ያለ ፍርድ የታጎሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ራሱን የቻለ ከባድ ጥያቄ ነው፤ አልደግፈውም።) ያው ወንዶች ናቸው፣ ያው ዘር ነው፣ የስምንት ዓመት ልዩነት። በ2015 ላይ ቆሞ «የዚህ ሕዝብ ደም ይፈላል» ብሎ የጻፈ ሰው ካለ በ2023 ምን ሊል ነው?

ጸሐፊው ስለ ወተት ያነሡት ነጥብ ከሁሉ የገረመኝ ነው፤ ምክንያቱም የጸሐፊውን ክርክር ራሱ ያፈርሰዋል። አብዛኛው የዓለም ሰው ካደገ በኋላ ወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ይቀንስበታል። በአውሮፓ፣ በምሥራቅ አፍሪካና በአረቢያ አርብቶ አደሮች ዘንድ ግን አዋቂዎችም እንዲፈጩት የሚያደርጉ የዘረ መል ለውጦች አሉ፤ ያውም በየቦታው የተለያዩ። ጸሐፊው «ጂኑ አርቢ አደረጋቸው» ይላሉ። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ከጥንት የሸክላ ስብርባሪዎች ውስጥ የወተት ቅባት እየተለየ ሲወጣ፣ ሰዎች ጂኑ ከመስፋፋቱ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ወተት ይጠቀሙ እንደነበር ታይቷል። መጀመሪያ ሰው ከብት አላመደ፣ አለበ፣ ጠጣ። ጂኑ ኋላ ተከተለ። ሞንጎሊያውያን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በወተት ተዋጽኦ የሚኖሩ ሕዝቦች ሆነው ያንን የጂን ለውጥ የያዙት ጥቂቶቻቸው ብቻ ናቸው። እያረጉና እያፈሉ ይጠቀማሉ፣ ኑሯቸውም ሳይቋረጥ ቀጥሏል።

የሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ነው) ታሪክም ይህንኑ ይደግማል፤ ይህን ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው፤ ለእኔ በመስኩ ካሉት ትምህርቶች ሁሉ ትልቁ ነውና። ከአንድ ወላጅ ብቻ የሲክል ሴልን ጂን የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ ይጠበቃል፤ አንቶኒ አሊሰን በ1954 አሳየው። ከሁለቱም የወረሰ ግን በጠና ይታመማል። ፍራንክ ሊቪንግስቶን የተባለ አንትሮፖሎጂስት በ1958 የጠየቀው፣ ጂኑ በምዕራብ አፍሪካ ለምን እዚህ በዝቶ እዚያ አነሰ የሚል ነበር። መልሱን ያገኘው እርሻው ውስጥ ነው። ያም የተባለውን ሥራ ሥር የሚተክሉ ገበሬዎች ደኑን መነጠሩ። ጥላው ሄደ፣ ፀሐይ መሬት ነካች። የዛፍ ሥር ያልያዘው አፈር ዝናብ ሲመታው ጠጠረ፣ ውሃ በየስርጓዱ አቆረ። የወባ ትንኝ የምትወደው እንዲህ ያለ ፀሐይ የሚያገኘውን የቆመ ውሃ ነው። መንደሩም አጠገቡ ነው፣ ሰውም ብዙ ነው። ትንኟ ፈላች፣ ወባው በረታ፣ ጂኑን የያዙ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ተርፈው አደጉ። መጥረቢያው ደማቸውን ለወጠው ማለት ነው። ይህ ባዮሎጂ ነው፣ ግሩም ባዮሎጂ። ግን የሚጀምረው ከሰው ሥራ ነው።

ሰውነት ለኑሮ የሚመልሰው በሺህ ዓመት ብቻ አይደለም። በፊሊፒንስ 624 ወጣት ወንዶች ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትለው ሲለኩ፣ አባት የሆኑት ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞናቸው በጣም ወረደ። ከልጃቸው ጋር ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት ደግሞ ይበልጥ ወርዶ ተገኘ። ስለዚህ አንድ ሰው «የዚህ ሕዝብ ወንዶች ሆርሞን ከፍተኛ ነው፣ ስለዚህ ለቤተሰብ ግድ የላቸውም» ቢለን መልሳችን፣ የትኛው ቀደመ የሚል ነው።

ጸሐፊው አዲሶቹ የጂኖም ነጥቦች (ከአንድ ሰው ሙሉ ዘረ መል የሚሰሉ ውጤቶች) ሕዝቦችን ለማወዳደር ያስችላሉ ላሉት እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልናገር። የአንድን ሰው ዲኤንኤ አይቶ አያቶቹ ከየትኛው የዓለም ክፍል እንደመጡ መገመት ይቻላል፤ አልክድም። የጠባይ ልዩነትን ከዚያ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የዘረ መል ልዩነቶች ተደምረው ለአንድ ሰው ነጥብ ይሰጠዋል። በ2022 በ3 ሚሊዮን ሰዎች ላይ የተሠራው የትምህርት ቆይታ ነጥብ፣ በአውሮፓውያን ዝርያ መካከል ካለው ልዩነት ከ12 እስከ 16 በመቶ ያህሉን ይገልጻል። ትንሽ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ቤት ያደጉ ወንድምና እህት ሲወዳደሩ የነጥቡ ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ማለትም ጂን ተብሎ ከተቆጠረው ውስጥ የወላጅ ኑሮ፣ የሰፈር፣ የሀብት ጥላ አለበት። ከአውሮፓ ውጭ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ደግሞ በጣም ይዳከማል።

የዘረ መል ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በዚህ ተቃጥለዋል። ከ2012 ጀምሮ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ከደቡቦቹ የሚረዝሙት በተፈጥሮ ምርጫ ነው የሚል ውጤት በተለያዩ ጥናቶች ተደጋገመ። አሳማኝ ይመስል ነበር። በ2019 ሁለት ቡድኖች ያንኑ ስሌት ወጥ በሆነው የብሪታንያ ትልቅ መረጃ ቋት ላይ ደገሙት፤ ማስረጃው ተነነ ማለት ይቻላል። የቀድሞዎቹ መረጃዎች ከተለያዩ አገሮች የተለቀሙ ስለነበሩ፣ የአገር ለአገር ልዩነት ዘረ መል መስሎ ሾልኮ ገብቶ ነበር። ይህ የሆነው በቁመት ላይ ነው! በሜትር የሚለካ፣ ማንም የማይከራከርበት ነገር። ጸሐፊው በዚሁ መሣሪያ ትጋትንና ሰላማዊነትን በሕዝብ ደረጃ እንድንመዝን ይፈልጋሉ።

«ፈርተው ነው» የሚለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ፣ ግን አንድ ሰው ሳላነሣ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 የቨርጂኒያ ግዛት ካሪ ባክ የተባለችን ወጣት ሴት ማምከን (እንዳትወልድ ማድረግ) ይችላል ብሎ ፈረደ። እናቷም እሷም ልጇም ደካማ አእምሮ ናቸው፣ ዘሩ ነው ተባለ። ካሪ የወለደችው ተደፍራ ነበር። ደካማ አእምሮ የተባለችው ልጇ ትምህርት ቤት ገብታ በጥሩ ውጤት ስሟ የክብር መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ በ8 ዓመቷ ሞተች። በአሜሪካ እንዲህ ከ60,000 በላይ ሰዎች መከኑ። ጀርመን በ1933 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ወደ 400,000 ሰው። እነዚያ ዳኞችና ሐኪሞች ራሳቸውን የሳይንስ ሰው አድርገው ነው ያዩት። ተመራማሪ ከዚህ በኋላ ቢጠነቀቅ ፈሪ አይባልም።

ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብም አለ። ባዮሎጂ የሚለውን ቃል ሲሰማ ጆሮውን የሚደፍን የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለ፣ እሱም ይጎዳናል። ስለ ጾታ ምጣኔ አስቡ። ጣልቃ ካልተገባ በየ100 ሴት ሕፃናት ወደ 105 ወንዶች ይወለዳሉ። ይህን ባዮሎጂ ባይነግረን፣ ደቡብ ኮሪያ በ1990 ወደ 116 ስትደርስ ሴት ጽንሶች እየተመረጡ እንደሚወርዱ በምን እናውቅ ነበር? (ኋላ ተመልሶ ወደ ተፈጥሯዊው ልክ ወርዷል።) እርሳስንም አስቡ፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው። ቤንዚን ውስጥ እየተጨመረ መቶ ዓመት ያህል ተቃጠለ፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 ነው ያቆመችው። በሕፃን አንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው፤ ትኩረት ይቀንሳል፣ ትምህርት ይከብዳል። የአንድ ሰፈር ልጆች በትምህርት ሲወድቁ መጀመሪያ ደማቸውን መመርመር ያስፈልጋል፤ ግን ዘራቸውን ፍለጋ ሳይሆን እርሳሱን ፍለጋ። አዮዲንም እንዲሁ። እናት በእርግዝናዋ ካጣችው የልጁ አእምሮ ይጎዳል፣ ጨው ላይ ሲጨመር ግን ጉዳቱን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ይህንን ሁሉ ባዮሎጂ የሌለው የሕዝብ ጥናት አያየውም። ባዮሎጂን ከዘረ መል ጋር አንድ ያደረገው የጸሐፊው ጽሑፍም አላየውም፤ እርሳስ የምትለው ቃል አንዴ እንኳ አልተነሣችም።

የመጨረሻው ነጥብ የፖሊሲው ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ብዙ የሚወልዱ ሕዝቦች ተፈጥሯቸው ስለሆነ በእነሱ ላይ የሚወጣ የትምህርትና የጤና ገንዘብ ፍሬ የለውም ተብሏል። የኢራን ሴቶች በ1980ዎቹ አጋማሽ በአማካይ ከስድስት በላይ ልጅ ይወልዱ ነበር። በ2000 ገደማ ወደ ሁለት ወረደ። አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ አንዲት ልጅ ተወልዳ ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ ያለው ጊዜ። ደቡብ ኮሪያ በ1960 ስድስት ነበረች፣ በ2023 0.72 ደረሰች። ሴት ልጆች ተማሩ፣ ጤና ጣቢያ ገጠር ገባ፣ ሕፃናት መሞታቸው ቀነሰ፣ መከላከያ ተገኘ፣ ልጅ ማሳደግ ውድ ሆነ። ፍሬ የለውም የተባለው ገንዘብ የሠራው ሥራ ይህ ነው።

ጸሐፊው መልስ እንደሚሰጡ ተስፋ አደርጋለሁ፣ በቅንነት አነባለሁ። ግን የምጠይቃቸው ግልጽ ነው። በሁለት ሕዝቦች መካከል ያለ አንድ የጠባይ ልዩነት ይምረጡ። ምግቡ፣ በሽታው፣ ትምህርቱና ሕጉ ከተስተካከለ በኋላም ልዩነቱ እንዳለ መቆየቱን ያሳዩን። ከዚያ የትኛው ዘረ መል በየትኛው መንገድ እንዳመጣው፣ በአንድ ቤት ባደጉ ወንድማማቾች መካከልም እንደሚሠራ ያሳዩን። በጽሑፋቸው ውስጥ እነዚህን ያሟላ አንድም ምሳሌ የለም።